ከስሪዲው በፊት

በአያት፣ በሰሚት ወይም በሲኤምሲ ቦታ ያገኘ ሰው ለአርክቴክት ቀድሞ የሚያሳየው ካርታውን ሳይሆን ስልኩን ነው። ስልኩ ውስጥ የዱባይ ቪላ አለ፤ መስታወቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ጣሪያው ዝርግ። ያንኑ ቪላ በስሪዲ አሳምሮ የሚያመጣ ቢሮ ደንበኛ አያጣም። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ የሚመዝነው በሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ አፈሩን ይጠይቃል። በቦሌና ከዚያ በስተምሥራቅ ባሉ ብዙ ሰፈሮች ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከትልቅ ሕንፃ ይልቅ ትንሽ ቤት፣ አጥርና ሰርቪስ በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ክብደታቸው እብጠቱን ተጭኖ ለመያዝ አይበቃምና። ስለዚህ ጥሩ ረቂቅ የሚጀምረው ከመሞከሪያ ጉድጓድ ነው። ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ ተጠርጎ በማያብጥ ሙሌት (በሰሌክት ማቴሪያል) ይተካል። ጥልቅ ከሆነ ግን ቁፋሮው አይቀርምና ምድር ቤት ማውጣት ያዋጣ እንደሆነ ማስላት ይገባል፤ ያኔ የቤቱ ቅርጽ ራሱ ይለወጣል። ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ለስትራክቸር መሐንዲሱ የሚያስተላልፍ ንድፍ ምንም ቢያምር ገና አልተጀመረም።

ቀጥሎ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ብርዱ የሚጠናው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሳሎንና መኝታ ቤት ወደ ደቡብ ቢከፈቱ ሙቀት በነፃ ያገኛሉ። በሩ ወደ መንገድ ይሁን ብቻ ተብሎ ሰፊው መስታወት ወደ ምዕራብ ሲዞር፣ የየካቲት ከሰዓት በኋላ የመጋረጃ ዕዳ ያመጣል።

ማድ ቤቱስ? በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጀርመኑ ጂቲዜድ ድጋፍ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። በኋላ በከተማው የተስፋፉት ኮንዶሚኒየሞች ከብሎኮቹ ጎን ኮሚናል ተሠራላቸው፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። የአሠራሩ ጥራት ሊያከራክር ይችላል፤ ማድ ቤቱ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነበር። በ250 ካሬ ላይ ቪላ የሚነድፍ ሰው ምጣዱን፣ የሮቶውን ማማና የድንኳኑን ቦታ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ካላስቀመጠ፣ ባለቤቱ ከገባ በኋላ በቆርቆሮ ይጨምራቸዋል።

ሕጉም ቅርጽ ያወጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ፎቅ የሌለውንና በምሰሶዎች መካከል ከ7 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ያለውን ቤት በምድብ «ሀ» አስቀምጦ፣ ፎቅ ያለውን ወይም ከዚያ የሰፋውን ወደ «ለ» አሳልፎታል። ቤቱን ወደ «ለ» የሚያሻግረው፣ ያለ ምሰሶ 8 ሜትር የሚዘረጋ ሳሎን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ቤተሰብ ብዙም አያስፈልግም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመንገዱ ከፍታ ነው። በአዳዲስ ሰፈሮች ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲመጣ መንገዱ ከፍ ሊል፣ ግቢውም ከሥር ሊቀር ይችላል፤ ያኔ የክረምት ጎርፍ በበሩ ይገባል። ይህ በፕላን አይታይም፣ በስሪዲም አይታይም፤ የሚታየው ቤቱንና መሬቱን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳየው ንድፍ፣ በሴክሽን ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለቀጣዩ ሥራ ከመፈረሙ በፊት ሴክሽን ይጠይቅ፤ የተፈጥሮው መሬት መስመር፣ የመንገዱ ከፍታና የዝናብ ውኃው መውጫ ካልተሰመሩበት ወረቀቱን ይመልሰው።