ጃኬቱን ገልብጠህ አየኸው?

የእህቴ ልጅ ታኅሣሥ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሰሜን ተራሮችን ሊጎበኝ ነው። ከሳንቃ በር ተነስተው፣ በግጭ በኩል ጨነቅ ድረስ በእግር፤ ሌሊቱን በድንኳን። በሕይወቱ ከእንጦጦ ርቆ በእግሩ የሄደ አይመስለኝም። «ጋሼ፣ ብርድ የሚችል ልብስ አብረኸኝ ግዛ» ብሎ ደወለና ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ፣ ሰልባጅ ከሚሸጥበት ተገናኘን።

መጀመሪያ ያነሳው ደረቱ ላይ ትልቅ ምልክት የተሰፋበት፣ ያበጠ ቀይ ጃኬት ነበር። «ገልብጠው» አልኩት። ልብስ ሊገዛ እንጂ ዶሮ ሊገነጥል የመጣ አልመሰለውም፤ ቢሆንም ገለበጠው። የውስጡ ስፌት አንዱ ጥብቅ፣ አንዱ ልል፤ ብብቱ ጋ ክሩ ተንጠልጥሏል። ፋብሪካ ፊቱን ለገዢ ያሳምራል፤ ሰፊው ምን ያህል እንደተጠነቀቀ የሚታወቀው ገበሩ ላይ ነው። ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዘው ሳብ ያድርጉት፤ በመርፌው ቀዳዳ ብርሃን ከታየ ነፋስም ይገባበታል።

ዚፑን በአንድ እጅ ብቻ አሥር ጊዜ ያመላልሱት። ገበሩን ከነከሰ ይተዉት፤ ሌሊት ጣት ሲደነዝዝ ዚፕ መታገል የሚያህል ስቃይ የለም። መሳቢያው ላይ ዋይ ኬ ኬ የሚሉትን የጃፓን ኩባንያ ፊደላት የሚፈልጉ አሉ። ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ፊደልን ማንም ይቀርጻል፣ እኔ የማምነው እጄን ነው።

ጃኬቱ የተሞላበትን ላባ ደግሞ በጡጫ ጨምቀው ይልቀቁት። ጥሩው ቶሎ ተንፍቶ ቦታው ይመለሳል። ውስጡ እንደ ጓል ተቋጥሮ ከቀረ፣ አንድ ሰው አላግባብ አጥቦ ገድሎታል ማለት ነው። ጣትን የሚወጋ እንጨት እንጨት ነገር ከበዛ የዝይ ወይም የዳክዬ ደረት ላይ ያለው ለስላሳው ሳይሆን ተራ የክንፍ ላባ ተቀላቅሏል። አንዳንዱ ላይ 600፣ 700፣ 800 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ አንድ አውንስ ላባ ተንፍቶ የሚይዘውን ቦታ በኪዩቢክ ኢንች መለካቱ ነው። ቁጥሩ የላባውን ጥራት እንጂ መጠኑን አይናገርም። ጥቂት ባለ 800 ላባ የተነሰነሰበት ስስ ጃኬት፣ በባለ 600 ከታጨቀው ሊበርድ ይችላል።

ምን ያህል ብርድ ነው የምንፈራው? አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግጭ 3,600 አካባቢ። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ቤታችሁ በር ላይ ከሚሰማችሁ ስምንት ዲግሪ ያህል አውርዱ። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ቢገኝ አይደንቅም። ቀን ግን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ አቀበቱ ያልባል። ጀማሪውን የሚጎዳው ይኸው ላብ ነው፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ጀርባው ላይ ይቀዘቅዛል።

ስለ ጋቢ ክፉ መናገር ያስነውራል። ግን ጥጥ ላብ ይጠጣል እንጂ አይተፋም፤ ስለዚህ በጋቢም በጥጥ ካናቴራም ተራራ አይወጣም። ጋቢ የማታ ነው፦ ልብስ ከተቀየረ በኋላ፣ እሳት ዳር፣ ሻይ ተይዞ። በበቅሎ ይጫናል እንጂ በጀርባ አይሸከሙትም። ፈትሉ እኩል፣ አራቱ ድርብ ከዳር ሳይንሸራተት የተያያዘ ከሆነ ከብዙ ፈረንጅ ብርድ ልብስ ይሻላል። የሚራመዱበትን ልብስ ግን ከበግ ፀጉር ይፈልጉ። የመንዝ ሰዎች በርኖስና ዝተት የሠሩት አለምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ሙቀቱን አይለቅም። «ንጹሕ ሱፍ» የተባለ ካልሲ ሲሸጥልዎ አንዲት ክር መዘው ክብሪት ያስነኩት። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ሸትቶ ራሱ ይጠፋል፤ ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይላል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ጠጠር ይሆናል። ሻጩ ቢቆጣም ቁጣው መልስ ነው።

ጫማ ላይ ልጁ ሊታለል ተቃርቦ ነበር። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ዋጋውም የሚያጓጓ። ሻጩ «አንድ ቀን አልተደረገም» ብሎ ማለ፤ በሽታውም እሱ ነበር። በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ለስላሳ ሶል ብዙ ጊዜ ከፖሊዩሬቴን ይሠራል፤ ይህ ነገር ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ከአየር እርጥበት ጋር በዓመታት ይፈራርሳል። በጥፍሬ ጫን ስለው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ይህ ጫማ ቤት ውስጥ ምንም አይሆንም፤ የሚከዳው ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ቁልቁለት መሐል ነው። ደኅናው ሲታጠፍ የሚታጠፈው ጣቶች ከሚታጠፉበት ነው፣ ከመሐል እግር አይደለም። በወፍራም ካልሲ ገብተው እግርዎን ወደፊት ሲገፉ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት ይግባ፤ አለዚያ ቁልቁለቱ ጥፍር ያስጥላል።

ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፉት ዲግሪዎች ሦስት ናቸው። በትልቁ የሚታተመው አንዳንዴ የመጨረሻው ነው፤ እሱ ግን ሰው ሳይሞት ሊያድር የሚችልበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። ጀማሪ የሚያየው የምቾት የተባለውን ብቻ ነው። በዚፑ ርዝመት ከውስጥ የተሞላ ቱቦ መኖሩንም ይዳስሱ። ከሥር ምንጣፍ ከሌለ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ መሬት የተጨፈለቀ ላባ አይፈራም።

የጀርባ ቦርሳው ቀላል ነበር። ዕቃ ሞላንበት፣ የወገቡን ቀበቶ አጠበቅን፤ ትከሻው ቀለለው፣ ወሰድነው።

ወደ ጃኬቶቹ ስንመለስ ልጁ ሳልናገር አንድ አመድማ ጃኬት አንስቶ ገለበጠ። ምልክት የለውም። ብብቱ ሥር ገበሩ ተቀዶ በእጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥቃቅን፣ እኩል፣ ክሩም ከጨርቁ ቀለም የተመረጠ። ሻጩ ጉድለት ያየንበት መስሎት ሳንጠይቀው ዋጋ ቀነሰ። ልጁ አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ አሻሸ፤ አልያዘውም። ጃኬቱን ጨመቀው፣ ለቀቀው፣ ሲነፋ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጠቅልልለት» አልኩት ሻጩን።