በእንጦጦ ግርጌ ሮክን ዝቅ አድርጎ ስለመጫወት

በአዲስ አበባ የሮክ ሙዚቃ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ጃኖ ባንድ ነው፤ በአሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ፕሮዲውስ የተደረገው «ኤርታሌ» የተሰኘው አልበሙም የሀገሩን ቅኝት ከሻካራ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ጋር ያጋጠመ ሥራ ነው። በዚሁ መንገድ ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣቶች ሮክ ድምፁ ሲቀነስ ሮክነቱን ያጣ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ተራራና መኖሪያ ቤት በተደጋገፉበት በየካ ክፍለ ከተማ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

በኢትዮጵያ የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል የድምፅ ብርታት መለኪያ ሲሆን፣ ስሌቱ በብዜት ስለሆነ 3 ሲቀነስ ከማጉያው የሚጠየቀው ኃይል በግማሽ፣ 10 ሲቀነስ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ ከሞቃቱ በታች ስለሚተኛ፣ ወደ ላይ ሊበተን የሚገባው ድምፅ ወደ መሬት እየታጠፈ ሩቅ ይጓዛል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ የተመታ ቤዝ ማዶ ያለውን እንቅልፍ የሚነሣውም ስለዚህ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ድምፁን ይይዘዋል የሚለው እምነት ከንቱ ነው፤ ግንዱ ራቁቱን የቆመ ዛፍ ወፍራሙን ድምፅ አያስቆምም።

ድምፅ ሲቀነስ የሚጠየቀው ኃይልም ስለሚቀንስ ነገሩ ከአየር ብክለትም ጋር ይገናኛል። እዚህ ላይ መፍትሔውን ከዕቃ የሚጠብቁ ወገኖች የእንግሊዙን ኮልድፕሌይ ይጠቅሳሉ፤ ታዳሚው ሲጨፍርበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ወለል ይዞ የዞረው ይህ ባንድ፣ በአንድ ዝግጅት የሚለቀቀውን የካርቦን መጠን ከቀድሞው ዙሩ ጋር ሲነጻጸር በ59 በመቶ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። ሥራው የሚያስመሰግን ቢሆንም በየካው ኮተቤ ለሚጫወት ባንድ አርአያ አይሆንም፤ የኢትዮጵያ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚገኝ፣ እዚህ አየሩን የሚበክለው መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የናፍጣ ጀነሬተርና ታዳሚውን ሽቅብ የሚያመላልሰው መኪና ነው።

ጀነሬተሩ የሚመረጠው ደግሞ በከፍተኛው ጭነት ነው፤ ጭነቱን የሚወስነውም ድራም ነው። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ድራም ያለ ማጉያ እንኳ በቅርብ ሲሰማ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፤ ጊታሪስቱ ራሱን ለመስማት አምፑን ይጨምራል፣ ድምፃዊው በሞኒተር፣ ማለትም ወደ መድረኩ በዞረው ድምፅ ማጉያ፣ እንዲደርስለት ይለምናል፣ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያም ሁሉንም ለመብለጥ ይገደዳል። ከዚያ በኋላ ሚክሰሩን ዝቅ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ጩኸቱ ከመድረኩ ነውና። በቀጭን ዱላ ወይም በብሩሽ የሚመታ፣ ሲምባሉን የሚቆጥብ ድራመር ግን ሰንሰለቱን ከሥሩ ይፈታዋል። ችክችካ የተባለውን የጭፈራ ምት ችክችካ የሚያሰኘው የምቱ አቀማመጥ እንጂ ጉልበቱ አለመሆኑን፣ በእጅ ብቻ በሚመታ ከበሮ ሰው ሲያስጨፍሩ የኖሩ አዝማሪዎች አስቀድመው አሳይተዋል።

ነገሩ ከነዳጅ ያለፈም ነው። ከዝግጅት በኋላ ጆሮው እየጮኸ ማደሩን እንደ ሙያው ደመወዝ የቆጠረ ሙዚቀኛ ብዙ ነው፤ ያ ጩኸት ግን የመስማት ጉዳት ምልክት ነው። በአማርኛ ዘፈን ደግሞ ሰሙ ሳይሰማ ወርቁ አይገኝም፤ ግጥሙ በጊታር ከተዋጠ አድማጩ ግማሹን ዘፈን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ለብዙ የሙያው ሰዎች ዝቅ አድርጎ መጫወት በመጨረሻ የሰጣቸው ነገር እርስ በርስ መሰማማት ነው።

ስለዚህ በየካ ተዳፋት ላይ ሊጫወት ያሰበ ባንድ ዕቃ ከመከራየቱ በፊት ድራመሩን ብቻውን ያለ ማይክራፎን ያስጫውተውና፣ ድምፃዊው በተራ ድምፁ ሲዘፍን ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቃሉን መለየት አለመለየቱን ይፈትን።