ምቱ ሁለት ጊዜ ሲያርፍ

ጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. በ1985 አዘጋጅቶ የተወነበት «ፖሊስ ስቶሪ» የሚጠናቀቀው በገበያ ማዕከል ውስጥ በሚደረግ ድብድብ ነው። የሚረግፈው መስታወት ከመብዛቱ የተነሣ የቀረጻው ሠራተኞች ፊልሙን በቀልድ «ግላስ ስቶሪ» ይሉት ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የካሜራው ትዕግሥት ነው። ራቅ ብሎ ቆሞ መቺውንም ተመቺውንም ከራስ እስከ እግር፣ ከሚወድቁበት ወለል ጋር ያሳየናል።

ወልዲያ ወይም መርሳ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የካራቴ ፊልም ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ንግግሩን የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ማን ማንን በምን እንደመታ፣ የተመታውም ስንት እርምጃ እንደተንገዳገደ ግን ሁሉም አይቷል። ሰውነት ሙሉውን ከታየ አስተርጓሚ አያሻውም።

የቅንብሩ ሥራ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። እግር ደረት ላይ ሲያርፍ ሾቱ ይቆረጣል፤ ቀረብ ብሎ የተነሣው ቀጣዩ ሾት ግን ሁለት ሦስት ምስል ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል። እርግጫው ሁለት ጊዜ አረፈ ማለት ነው። ዓይን ድግግሞሹን አይለይም፤ ክብደቱ ግን ይደርሰዋል። በተቃራኒው «ቴክን 3» በተባለው ፊልም ተዋናዩ ሊያም ኒሰን አንዲት አጥር ሲዘል በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ዝላዩን ግን አላየነውም።

ጃኪና የሙያ ባልደረቦቹ ሳሞ ሁንግና ዩን ቢያው በልጅነታቸው ሆንግ ኮንግ ውስጥ በመምህር ዩ ጂም ዩን እጅ የፔኪንግ ኦፔራ ተምረዋል። እዚያ ድብድብ የሚሄደው በከበሮና በጸናጽል ነው። ምት፣ ምት፣ ከዚያ ፋታ። የሐብሩ ወረዳ እስክስታ ወራጅ ትከሻውን ድንገት አቁሞ ተመልካቹን እንደሚያንጠለጥል፣ እነሱም በፋታዋ ቀጣዩን ምት ያከብዱታል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የተመቺው ሙያ ነው። ስሙን ማንም አይይዝለትም፤ ቡጢውን ቡጢ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ቀድሞ ከወደቀ ውሸቱ ይታወቃል፤ ከዘገየ የጎድን አጥንቱ ይሰበራል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቅጽበት ከዓይን ጥቅሻ ታንሳለች፤ እሷን ለማግኘት ደግሞ ያንኑ አወዳደቅ ደጋግሞ ይወድቃል።