የሟች አባት ዕዳ፦ እምነትና መሥዋዕትነት በብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም»

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ብዙ ጊዜ የሚነበበው የአባት ሳይሆን የልጅ መጽሐፍ ሆኖ ነው። በ1925 ዓ.ም. የታተመው ይህ አጭር ልብ ወለድ፣ ከተጉለት ተነሥቶ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የተማረው ዐወቀ አገሩ ሲመለስ ከዘመድ፣ ከካህንና ከልማድ ጋር የሚገጥመውን ሙግት ይተርካል። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የጻፉት አልበርት ዠራርና ራይዱልፍ ሞልቬር መጽሐፉን ያነበቡት የተሐድሶ ፕሮግራም አድርገው ነው። ባሕሩ ዘውዴም ኅሩይን ከዘመኑ የለውጥ ፋና ወጊዎች ተርታ ያስቀምጧቸዋል። ይህ ንባብ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ዐወቀን ብቻ ስንከተል፣ ልጁ የሚሟገትባቸውን ነገሮች ሁሉ በሕመሙና በሞቱ ያመጣቸውን ሰው እንዘነጋለን። አባት ባይታመም፣ ባይሞት፣ ተዝካር ባይጠየቅለት ኖሮ የዐወቀ ትምህርት የሚፈተንበት ሜዳ አይኖርም ነበር። «አዲስ ዓለም» የቤተሰብ ልብ ወለድ ነው ካልን፣ የቤቱ ምሰሶ ብዙ የማይናገረው አባት ነው።

የተጉለት ባላገር ልጅ መውለዱ በራሱ ከእምነቱ ጋር የተሳሰረ ጉዳይ ነው። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። ሲያረጅ ይጦረዋል፣ ሲሞት በወግ ቀብሮ ነፍሱን ያስምራል። ከመንዝ እስከ ተጉለት ባለው ደጋ የአባት ሥልጣን ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ያዩትን ይዘው በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ጽፈውበታል። ልጅ በአባቱ ፊት ቆሞ ያስተናግዳል እንጂ እኩል ተቀምጦ አይከራከርም። እንዲህ ባለ ቤት ልጅን ባሕር ማዶ አሻግሮ ዓመታት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። እርሻው እጅ ያጣል። ከዚያም በላይ፣ አባት ዐይኑ ሳይከደን ልጁ ይመለስ አይመለስ ስለማያውቅ ቀባሪውን አደጋ ላይ ጥሏል። ኅሩይ ይህን መሥዋዕትነት አላጎሉትም። የብዕራቸው ፍቅር ከተጓዡ ጋር ነው። አንባቢ ግን ከመጽሐፉ ዳር ቆሞ የዚያን ሰው የጥበቃ ዓመታት ማሰቡ አይቀርም፤ ዐወቀ በፓሪስ ያገኘው ዕውቀት ሁሉ የተከፈለው በእነዚያ ዓመታት ነውና።

ግጭቱ የሚፈላው አባት ከሞተ በኋላ ነው። ተዝካር በዚህ አገር ምን እንደሆነ በቅርብ ካልታየ፣ የልብ ወለዱ ጠብ የድግስ ወጪ ክርክር ብቻ ይመስላል። ከቀብር በኋላ ሠልስት አለ፤ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ይከተላሉ፤ ከዚያ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ድግስ የሚወድቀው በአርባው ላይ ነው። ከቀኑ ብዙ ቀደም ብሎ ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ የገብሱ ብቅል ይፈጫል። ዳስ ይጣላል፣ ቅጠል ይጎዘጎዛል፣ በሬ ይታረዳል። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሲገቡ ቦታቸው የታወቀ ነው። አለቃውና መሪጌታው ከላይ፣ ቄሶቹ ቀጥለው፣ ዲያቆናቱና ቆሎ ተማሪው ወደ ታች ይቀመጣሉ፤ ዘመድና ጎረቤት በየማዕርጉ ይከተላል። የኔ ቢጤው ከዳሱ ውጭ፣ አጥር ጥግ ሆኖ፣ የተረፈው እስኪወጣ ይጠብቃል።

ዐወቀ የሚሟገተው ከዚህ አቀማመጥ ጋር ይመስለኛል። ለሟች ነፍስ የሚደረግ ምጽዋት እውነተኛ ከሆነ፣ ተቀባዩ ከአጥር ውጭ ያለው ድኻ ነው፤ በዳሱ ውስጥ ጠግቦ የመጣው አይደለም። ስለዚህ ወጪው በድግስ ከሚጠፋ ለተቸገረ ይድረስ ይላል። ይህን የሚለው ከወንጌል ተነሥቶ እንጂ ከፓሪስ ይዞት በመጣው ክህደት አይደለም፤ የመጽሐፉ ብልኀትም እዚህ ላይ ነው። ልጁ የአባቱን እምነት አልተወም፤ እንዲያውም በአባቱ ሃይማኖት የአባቱን ልማድ ይከስሳል። የነፍስ አባትና ዘመድ አዝማድ ግን ሌላ ነገር ይሰማሉ፤ ሟቹ በሰማይ እንዲረሳ፣ በምድርም እንዲናቅ የሚፈልግ ልጅ መጣ። ርስቱን የወሰደ ተዝካሩን ያወጣል በሚባልበት አገር ይህ ክስ ከሃይማኖት አልፎ መሬት ይነካል። ድግሱ በስካርና በጠብ ሲጠናቀቅ ኅሩይ ለልጁ ይፈርዳሉ፤ ያየነውን ዳስ እሳቸው ራሳቸው አፍርሰው ያሳዩናል።

እዚህ ላይ ግን ደራሲው አንድ ነገር አቋርጠው ያለፉ ይመስለኛል። ካህናቱ ይሰክራሉ፣ ዘመዶቹ ያጉረመርማሉ፣ ልጁ ያስተምራል። የሟቹስ ፍላጎት? በዕድሜ የገፋ የሸዋ ባላገር ስለ ተዝካሩ ማሰቡ ባዶ ትዕቢት አልነበረም። አንዳንዱ ሰው ልጆቹን ባለማመን፣ ወይም ስለሚያዝንላቸው፣ በቁሙ ተዝካሩን ያወጣል፤ የሞቱን ዕዳ በራሱ እጅ ከፍሎ ይሄዳል። ሌላው ከዓመት ዓመት እየቆጠበ፣ ጾሙን እየጾመ፣ የደብሩን ድርሻ እየሰጠ ይኖርና «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ለልጅ ይተዋል። ያ አደራ ነው። አደራውን ወደ ምጽዋት መለወጥ ምናልባት ለነፍሱ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አደራ ተቀባዩ ግን አደራ ሰጪውን ሳይጠይቅ ነው የለወጠው። ኅሩይ ይህን የሚያምም ቦታ በካህናቱ ስካር ሸፍነው አለፉት። ካህናቱ በሥርዓት በልተው፣ ጸልየው፣ መርቀው ቢሄዱ ኖሮ ዐወቀ ምን ይል ነበር? ልብ ወለዱ ይህን ከባድ ፈተና ለጀግናው አልሰጠውም።

ኅሩይ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ለማሰብ ወደ ትውልድ አገራቸው መመለስ ያስፈልጋል። የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ነው። በዚያው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው፣ ሸዋ ውስጥ ብዙ ተከታይ የነበረውን፣ ስለ ክርስቶስ የሚያስተምረውን የሦስት ልደት ትምህርት አስወገዙ። ከዚያ በፊት አባት ለልጁ ያወረሰው የሃይማኖት ቃል በአንድ ጉባኤ ውሳኔ ስሕተት ሆኖ ቀረ፤ ብዙ የሸዋ ቤት በአንድ ትውልድ ዕድሜ የአባቱን ቃል ጥሎ የጉባኤውን ቃል ያዘ። ኅሩይ ያደጉት በዚህ ጥላ ነው። «አዲስ ዓለም» ሲጠናቀቅም የቤቱ ጠብ ወደ ጉባኤ ይወጣል፤ የካህናት ጠባይና የጋብቻ ሥርዓት የሚታረሙበት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ይጠራል። ብዙ ሐያሲ ይህን መዝጊያ ሰው ሠራሽ፣ ሕይወት የሌለው መፍትሔ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ለመርሐቤቴው ልጅ ግን ጉባኤ የአባትን እምነት ሳያዋርዱ ለመለወጥ የሚታወቅ አንድ መንገድ ነበር፤ ልጅ አባቱን አይረታም፣ ጉባኤው ግን ሁለቱንም ይዳኛል። ጊዜውም ያንን ይፈቅድ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በእስክንድርያ መንበር ተሾመው ነበርና፣ መጽሐፉ ሲወጣ የአገሬው ሲኖዶስ ሩቅ ሕልም አልነበረም።

ከሌሎች የአማርኛ አባቶች ጎን ብናቆመው የዐወቀ አባት ዝምታ ይበልጥ ይታያል። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (ሮማ፣ 1900 ዓ.ም.) አባት የክርስቲያን ጦር አዝማች ነው። ይማረካል፣ ይሸጣል፣ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጅቶ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድ ያን ውለታ ለመመለስ ከቤት ይወጣል፣ አባትና እኅቱ ጦቢያም ዋሕድን ፍለጋ ይከተላሉ። ልጅ ለአባት ይሠዋል፣ አባት ለልጅ ይሠዋል፤ በመጨረሻም የአባት ሃይማኖት ያሸንፋል፣ አረማዊው ንጉሥ ይጠመቃል። በኅሩይ ዘንድ እንዲህ ያለ ድል የለም፤ ክርስቲያኑ የሚከራከረው ከክርስቲያን ጋር ነው።

ከ«አዲስ ዓለም» ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ጥያቄውን ገለበጡት። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ አንድ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። በዛብህ ያልተሳለውን ስለት ተሸክሞ ያድጋል፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያስጨንቀው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ሰው የገባለት ቃል አለ። ሐዲስ ከኅሩይ የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው፤ የወላጆችን ስለት እንደ ኋላ ቀርነት አያጣጥሉትም፣ እንደ ቅድስናም አያስመልኩትም። ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸውን ስለወደዱት ነው የሰጡት። ወደን የሰጠነው ልጅ ራሱ ያልገባበትን ዕዳ ሲከፍል ማየት የልብ ወለዱ ሕመም ነው። ጎጃሜው ደራሲ ለወላጅ እምነት የሰጡትን ክብር፣ ሸዌው ደራሲ በሩብ ገጽ እንኳ ቢሰጡ ኖሮ «አዲስ ዓለም» ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

ከአገር ውጭም የሚቀርበው ዘመድ አለ። ቺኑዋ አቼቤ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሁለተኛ ልብ ወለዳቸው፣ ኦቢ ከእንግሊዝ ተምሮ ሲመለስ የሚያገኘው አባት፣ አይዛክ፣ አጥብቆ የሚያምን የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ነው። ይህ አባት ግን ራሱ በወጣትነቱ ለክርስትና ሲል የአባቱን ቤት ጥሎ የወጣ፣ የአባቱን የኦኮንኮን ሞት ሲሰማም ወደ ቤት ያልተመለሰ ሰው ነው። አቼቤ ያን አባት አፍ አውጥተው ያናግሩታል። አይዛክ ለልጁ ያለፈውን ሲነግር፣ እምነት ምን እንዳስከፈለው እናያለን፤ ልጁም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አጥብቆ መከራከር ይሳነዋል። የዐወቀ አባት ግን ለልጁ እንዲህ ዓይነት ወግ አያወጋም።

የደራሲው ሕይወት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ከዐወቀ ይልቅ የአባትየውን ቦታ የያዙ ሰው ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ የጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት መሥራች፣ ልጆቻቸውንም ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር የላኩ አባት። ከመርሐቤቴ ተነሥተው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ እንጦጦ ራጉኤል አገልግለው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ ሰው የድሮውን ቤት ዋጋ አያውቁትም ማለት አይቻልም። መጽሐፉን ግን በልጅ ዐይን ጻፉት። ያኔ የአባቶች መሥዋዕት ተፈጽሞ ያለቀ፣ የልጆች ሥራ ገና የሚጀምር መስሏቸው ይሆናል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጣሊያን መጣ፤ ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ልጃቸው ፍቃደ ሥላሴ በወረራው ዘመን ተገደለ፤ እሳቸውም በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በስደት ዐረፉ። ሐያሲ ድርሰትን በደራሲ ዕጣ መዳኘት የለበትም፣ እኔም አልዳኝም። ይሁንና «አዲስ ዓለም»ን ዛሬ የሚያነብ ሰው፣ ልጁን ለዕውቀት የሰጠ አባት የሚከፍለው ነገር ከመጽሐፉ ገጾች በላይ መሆኑን ሳያውቅ ማንበብ አይችልም።

ያልተናገረውን የሸዋ ወላጅ ያናገረው ልብ ወለድ ብዙ ቆይቶ መጣ። ዳኛቸው ወርቁ ተወልደው ባደጉበት በደብረ ሲና አካባቢ በሠሩት «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ውስጥ፣ የአሮጌውን ቤት እምነት የያዘችው እናት ናት፤ ወይዘሮ አሰጋሽ። ወይዘሮዋ ጠበቃም ሰባኪም አያስፈልጋትም፤ በራሷ አማርኛ፣ በራሷ ክርክር፣ የተማረውን ወጣት ፊት ለፊት ትገጥመዋለች። ዳኛቸው ሙግቱን ለማንም ሳይፈርዱ ይተዉታል፤ ጉባኤም አይጠሩም።