ቀንዱ ወይስ እጁ? የባዮዳይናሚክ ወይን እርሻዎች በሂስ ዓይን

በ2018 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጸደይ ወራት ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነበተ። ዝናቡን ተከትሎ ሚልዲው የሚባለው የሻጋታ በሽታ ወይኑን ወረረው። ማርጎ የሚገኘው ስመ ጥር እርሻ ሻቶ ፓልመር በዚያ ዓመት ከአንድ ሄክታር ያገኘው 11 ሄክቶሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከተለመደው ምርቱ ሲሦ ያህል መሆኑ ነው። አልተር ኢጎ የተባለውን ሁለተኛ ወይኑንም ጨርሶ ሳይጠምቅ ቀረ። ፓልመር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ መዳብና ድኝ ረጭቷል። ያልነካው ወደ ተክሉ ሰውነት ዘልቀው የሚገቡትን ፋብሪካ ሠራሽ መድኃኒቶች ነው፤ እነዚህን የረጩ ብዙ ጎረቤቶቹ ግን ሰብላቸውን አትርፈዋል። ፓልመር ከአራት ዓመት በፊት መላ እርሻውን ባዮዳይናሚክ አድርጎ ነበርና ሕጉን ማፍረስ አልፈለገም።

የባዮዳይናሚክ ግብርናን መሠረት የጣለው ሰው አርሶ አደርም ወይን ጠማቂም አልነበረም። ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሽታይነር በሰኔ 1924 ኮበርቪትስ በተባለች፣ ያኔ በጀርመን ዛሬ በፖላንድ ግዛት ባለች መንደር፣ ስለ ግብርና ስምንት ንግግሮች አደረገ፤ ዓመት ሳይሞላውም አረፈ። እርሻ ራሱን የቻለ ሕያው አካል ነው፤ ከብቱ፣ ሰብሉ፣ አፈሩና ሰማዩ ተያይዘው የሚኖሩ ናቸው አለ። ትምህርቱን ለተከተሉ እርሻዎች ምርት የሚሰጠው ዴሜተር የተባለ የንግድ ምልክት የተመዘገበው በ1928 ነው። የሚገርመው ሽታይነር አልኮል የመንፈስን እድገት ይገታል ብሎ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ትምህርቱን በዓለም ዙሪያ ያስጠራው ግን ወይን ጠጅ ሆነ።

ከትምህርቱ ውስጥ ሰውን ሁሉ የሚያስደንቀው፣ ብዙውንም የሚያስቀው፣ የቀንዱ ነገር ነው። የላም ቀንድ በእበት ተሞልቶ በመከር ይቀበራል፤ በጸደይ ይወጣል። ከውስጡ መቶ ግራም ያህል ተወስዶ ውኃ ውስጥ ይገባና ለአንድ ሰዓት አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይማሰላል፤ ከዚያ አንድ ሄክታር ላይ ይረጫል። በሌላ ቀንድ የተፈጨ ኳርትዝ ይቀበራል። ያሮ የተባለው ተክል አበባ በአጋዘን ፊኛ፣ የኦክ ቅርፊት በቤት እንስሳ የራስ ቅል ውስጥ ተደርጎ ይብላላና ብስባሹ ላይ ይጨመራል፤ ሳማም ከዚሁ ዝግጅት ውስጥ ድርሻ አለው። በኋላ የመጣችው ጀርመናዊት ማሪያ ቱን ደግሞ የጨረቃን ጉዞ ተከትላ ቀኖቹን የሥር፣ የቅጠል፣ የአበባና የፍሬ ብላ ከፈለቻቸው።

ይህን ሁሉ ሳይንስ በመስክ ፈትሾታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዩካያ አጠገብ በ1996 ተጀምሮ ውጤቱ በ2005 የታተመው ሙከራ ሁለቱንም ወገን በኦርጋኒክ መንገድ ይዞ አንዱን ብቻ የሽታይነርን ዝግጅቶች ሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በአፈሩ ጥራት ላይ ልዩነት አልታየም። ጀርመን ውስጥ ጋይዘንሃይም ላይ ከ2006 ጀምሮ በሪስሊንግ ወይን የተካሄደው ጥናትም ከዚህ አልራቀም፤ ኦርጋኒኩም ባዮዳይናሚኩም ከተለመደው አያያዝ ያነሰ ምርት ሰጡ፤ በሁለቱ መካከል ግን እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የቀንዱ ነገር በእኔ ፍርድ እዚህ ላይ ያበቃል።

ወይኑ ግን ጥሩ ነው። ቡርጎኝ ውስጥ ዶሜን ለርዋ፣ ዶሜን ለፍሌቭና ሮማኔ ኮንቲ፣ በዓለም ውድ ከሆኑት ወይኖች መካከል የሚቆጠሩትን የሚጠምቁት ቤቶች፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ያርሳሉ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከ74 ሺህ በላይ የካሊፎርኒያ ወይኖችን የባለሙያ ነጥብ መርምሮ ኦርጋኒክ ወይም ባዮዳይናሚክ ማረጋገጫ ያላቸው ከፍ ያለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ማረጋገጫውን የሚፈልገው ግን ቀድሞም ለእርሻው የሚሳሳ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ነጥቡ ስለ ዘዴው የሚነግረንን ያህል ስለ ባለቤቱም ይነግረናል።

ሎዋር ወንዝ ዳር ያለው ኩሌ ደ ሴራን የተባለ የወይን እርሻ ሰባት ሄክታር ያህል ነው፤ መነኮሳት ወይን የተከሉበት በ1130 ነው ይባላል። ኒኮላ ዦሊ የባንክ ሥራውን ትቶ ወደዚህ የቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። የዘመኑን ምክር ሰምቶ ፀረ አረም ከተጠቀመ በኋላ የአፈሩ ቀለም መለወጡን እንዳስተዋለ ራሱ ተናግሯል። ወደ ሽታይነር የመራው እንግዲህ የአፈሩ ሁኔታ ነው። ቦርዶ ውስጥ ፖያክ ያለው ሻቶ ፖንቴ ካኔ ደግሞ 80 ሄክታር ገደማ ይዞ ባዮዳይናሚክን በ2004 ጀመረ። በ2007 ሚልዲው ሲበረታ ፈራና ወደ ኬሚካሉ ተመለሰ፤ የማረጋገጫ ጉዞው ተቋርጦ እንደ አዲስ ተጀመረና በ2010 ተሳካ። መሬቱ በትራክተር እንዳይጠቀጠቅም ፈረሶች አስገባ። እንግዲህ አስቡት፦ ኬሚካሉን መርጨት እንደማይፈቀድለት የሚያውቅ ገበሬ ተክሉን በየቀኑ ያያል፤ ቅጠሉን በእጁ ይለቅማል፤ ዝናብ ሲመጣ ሌሊት ይነሳል። ሙከራዎቹ በቀንዱ ያጡትን ፋይዳ እኔ በዚህ ትጋት ውስጥ አገኘዋለሁ።

ትጋት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ፓልመር ሁለት ሦስተኛ ሰብሉን ቢያጣ የቀረውን በውድ ዋጋ ይሸጣል። በሊትር ጥቂት ዩሮ የሚያገኘው የላንግዶክ አራሽ እንዲህ ያለ አንድ ዓመት ቢገጥመው ባንኩ በሩን ያንኳኳል። የባዮዳይናሚክ ጽሑፎች ስለ ጨረቃ ብዙ ገጽ ያትታሉ፤ ስለዚህ ሒሳብ ግን ዝም ማለት ይቀናቸዋል።

ሁለተኛው ዝምታ መዳብ ነው። መዳብ ከኖራ ጋር ተደባልቆ ሚልዲውን እንደሚገታ የዕፅዋት ተመራማሪው ሚያርዴ ቦርዶ ውስጥ ያሳየው በ1880ዎቹ ነው፤ የኦርጋኒክ አራሹ ዋና ጋሻ ዛሬም ይኸው ነው። መዳብ ግን አይበሰብስም፤ ከዓመት ዓመት አፈር ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛም የመሬት ትልን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ እንዳያልፍ ገድቧል። ስለ አፈር ሕይወት የሚሰብክ እርሻ ከባድ ብረት እያከማቸ መሆኑ ቢያንስ ሊያሳፍረው ይገባል።

ሕጉም ቢሆን ገዢውን ብዙ አይረዳም። አውሮፓ እስከ 2012 ድረስ «ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ» ከማለት በቀር ስለ ጠመቃው ደንብ አልነበራትም። ዛሬ በኦርጋኒክ ቀይ ወይን ላይ ሰልፋይት የተባለው ማቆያ በሊትር እስከ 100 ሚሊግራም ይፈቀዳል፤ አሜሪካ ደግሞ «ኦርጋኒክ ወይን» ለሚለው ስም ከውጭ የሚጨመር ሰልፋይትን ፈጽሞ ትከለክላለች። ያው ጠርሙስ ፓሪስ ላይ ኦርጋኒክ፣ ኒው ዮርክ ላይ ሌላ ነው።

ቡርጎኝ ውስጥ የቦን ከተማው ባዮዳይናሚክ ወይን አራሽ የኢማኑኤል ዢቡሎ ጉዳይ ደግሞ ከሕግ ጋር መጋጨት ምን እንደሚመስል ያሳያል። በ2013 የወይን ገዳይ በሽታ የሚያዛምት ተባይን ለመከላከል ሁሉም እንዲረጭ ሲታዘዝ አልረጭም አለ፤ ከአበባ የሚገኘውንና የኦርጋኒክ ደንብ የሚፈቅደውን ፓይረትረም እንኳ፣ ሌሎች ነፍሳትን ይፈጃል ብሎ እምቢ አለ። በ2014 የጸደይ ወራት ተፈርዶበት ተቀጣ፤ በታኅሣሥ የዲዦን ይግባኝ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው። ደጋፊዎቹ ጀግና አደረጉት፤ ነገር ግን በሽታው ቢገባ ኖሮ ኪሳራው የጎረቤቶቹም ነበር።

ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚጠመቅ ወይን የተሠራባቸውን ግብዓቶች እንዲዘረዝር ሕግ ያስገድዳል፤ ብዙዎቹ ጠርሙሶችም ዝርዝሩን በስልክ በሚነበብ ኮድ ይሰጣሉ። ባዮዳይናሚክ እርሻዎች በዚያው ኮድ ላይ በዓመቱ በሄክታር የረጩትን መዳብና ያገኙትን ምርት ይጨምሩበት። ገዢውም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይጠይቅ።