«ፒንከርተን»፤ አንድ አልበምና ሁለት ፍርዶች

አንድ ደራሲ ወይም አንድ ዘፋኝ የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ በወጣ ጊዜ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የለም። ሥራው ያማረ እንደ ሆነ ሰው ይሰበሰባል፤ ያላማረ እንደ ሆነም ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ሁለተኛውን ሥራ ሲያወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሁን ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ የመጣውም ሰው ሁሉ መለኪያውን በእጁ ይዟል፤ መለኪያውም የፊተኛው ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ በራሱ ሚዛን ሳይመዘን ይፈረድበታል። ለዚህ ነገር ዊዘር የተባለው የአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ ጓድ በ1996 ካወጣው «ፒንከርተን» ከተባለው ሁለተኛ አልበሙ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ዊዘር በ1992 በሎስ አንጀለስ ከተማ የተቋቋመ የአራት ወጣቶች ጓድ ነው። አብዛኛውን ግጥምና ዜማ የሚደርሰው፥ ዋናውም ድምፃዊ ሪቨርስ ኩዎሞ ነው። በ1994 የወጣው የመጀመሪያው አልበም ከጓዱ ስም በቀር ሌላ ስም አልነበረውም፤ ነገር ግን በሽፋኑ ላይ አራቱ ወጣቶች በሰማያዊ መደብ ፊት ተሰልፈው ስለሚታዩ ሕዝቡ «ሰማያዊው አልበም» ብሎ ጠራው። ፕሮዲዩሰር ሆኖ ያሠራቸው ሪክ ኦኬሴክ ነበረ፤ እርሱም ዘ ካርስ የተባለው ጓድ መሪ የነበረና ድምፅን አጥርቶ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ነበረ። በዚህ ምክንያት የጊታሩ ጩኸት ከባድ ቢሆንም ዜማው እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ ነበረ። ግጥሙ ዓይነ አፋር የሆነ ልጅ ስለ ጓዳ ጨዋታውና ስለ ሕልሙ እየቀለደ የሚናገረው ነው፤ ጥቂት ኀዘን ቢኖርበትም ኀዘኑ በሣቅ የተሸፈነ ነው። በአሜሪካ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እንግዲህ በሁለተኛው አልበም ደጅ የቆመው ሕዝብ ይህን የሚያህል ነበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ ልብ ይበል። ኩዎሞ ዝናን አገኘ፤ ዝናው ግን ያሰበውን ደስታ አልሰጠውም። አንድ እግሩ ከሌላው ያጥር ስለ ነበረ በ1995 ሐኪሞች አጥንቱን ቆርጠው፥ በብረት ወጥረው፥ ጥቂት በጥቂት እየሳቡ አስረዘሙለት፤ ይህም ብዙ ወራት የቈየ ጽኑ ሥቃይ ነበረ። በዚያው ዓመት መከር ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ገባ። በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ይዘፍን የነበረው ሰው አሁን በከዘራ እያነከሰ ብቻውን በበረዶ ላይ ይመላለስ ጀመር። ቀድሞ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚናገር የሙዚቃ ተውኔት ለመሥራት አስቦ ነበረ፤ ያንን ተወው፤ በዚያ የብርድ ወራትም ብቸኝነቱን፥ ምኞቱን፥ ቅንዓቱንና እፍረቱን እንዳለ ይጽፍ ጀመር።

አልበሙ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1996 ወጣ። አሥር ዘፈኖች አሉበት፤ ሁሉም ተደምረው ሠላሳ አምስት ደቂቃ አይሞሉም። በዚህ ጊዜ ድምፁን የሚያጠራላቸው ሰው ከውጭ አልጠሩም፤ ሁሉን ራሳቸው አደረጉት። ስለዚህ ጊታሮቹ ይንጫጫሉ፤ ከበሮው ጥግ ላይ ቆመው የሚሰሙት ያህል ይመታል፤ አብረው ሲያዜሙም የተሰነጠቀው ድምፅ ሳይታረም ቀርቷል። የመጀመሪያው ዘፈን ፍቅር የሌለበት የሥጋ ፈቃድ ያሰለቸው ወጣት ምሬት ነው። «ዘ ጉድ ላይፍ» የተባለው በከዘራ የሚሄድ ወጣት ያለ ዕድሜው ማርጀቱን ጠልቶ ወደ ቀድሞ ኑሮው ልመለስ ብሎ የሚጮኽበት ነው፤ እኔ ከአሥሩ ይህን አስበልጣለሁ፤ ምሬቱና ጨዋታው በአንድ ልክ የተገናኙት በዚህ ዘፈን ነውና። «አክሮስ ዘ ሲ» የተባለው ደግሞ አንዲት የጃፓን አገር ልጅ ከጻፈችለት ደብዳቤ የተነሣ የተደረሰ ነው፤ ወደዚህ ዘፈን በኋላ እመለሳለሁ።

ስሙ የተወሰደው ከጣሊያናዊው ከፑቺኒ «ማዳማ በተርፍላይ» ከተባለው ኦፔራ ነው። በዚያ ተውኔት ፒንከርተን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ናጋሳኪ ከተማ መጥቶ ቾቾ ሳን የምትባለውን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያገባል፤ ጋብቻው ግን ለእርሱ በፈለገ ጊዜ የሚፈርስ ውል ነው። ጥሏት ይሄዳል፤ እርስዋ ልጁን ወልዳ ሦስት ዓመት ትጠብቀዋለች፤ እርሱ አሜሪካዊት ሚስት አስከትሎ ልጁን ለመውሰድ ይመለሳል፤ እርስዋም ራስዋን ትገድላለች። የአልበሙ ሽፋን የሂሮሺጌ ሥዕል ነው፤ በካምባራ መንደር በሌሊት በረዶ ሲወርድ ያሳያል። ስሙ ብዙ ሰው አሳሳተ፤ ፒንከርተን የተባለው የአሜሪካ የጥበቃ ኩባንያ እንኳ ስሜ ተነካ ብሎ አልበሙ ሊወጣ ሲል የፍርድ ቤት እገዳ አስወጥቶ ነበረ። ዳኛው ነገሩን መርምሮ ክሱን አልተቀበለውም፤ ምናልባት ይህ ስም ለምን እንደ ተሰጠ አስቦ የፈረደ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ አድማጮቹ እንምጣ። በወጣበት ሰሞን በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 19ኛ ሆነ፤ ከዚያ በላይ አልወጣም፤ ወዲያውም ወረደ። ከሰማያዊው አልበም ወዳጆች ብዙዎቹ ተቈጡ። አንዳንዱ ድምፁ ቆሽሿል አለ፤ አንዳንዱ ሣቁ የት ሄደ አለ፤ ሌላው ደግሞ ሰው እንዲህ ያለውን የልቡን ነገር በአደባባይ አይናገርም ብሎ ስለ ዘፋኙ እርሱ አፈረለት። የሮሊንግ ስቶን መጽሔት ነቃፊ ግጥሙን የልጅ ግጥም አድርጎ ቈጠረው፤ የዚያው መጽሔት አንባቢዎችም ድምፅ ሲሰጡ ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ አገቡት። ይሁን እንጂ ያመሰገኑት ነቃፊዎችም ነበሩ፤ ከአድማጮቹም ጥቂቶች ገና ከመጀመሪያው ቀን ይህ ነው የምንፈልገው አሉ። በጓዱ ወዳጆች መካከል ክርክር ሆነ፤ አንዱ ወገን ከዳን ሲል ሌላው ወገን አሁን ገና እውነቱን ነገረን ይል ነበረ።

የተቈጡትን ሰዎች አላዋቂ ማለት ዛሬ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልልም። አንድ ሰው ቤቱ ጠርቶህ ሁለት ዓመት ሙሉ እያሣቀህ ካጫወተህ በኋላ በሦስተኛው ዓመት በሩን ዘግቶ ቢያለቅስብህ መደንገጥህ ነውር አይደለም። እኔም ይህን አልበም መጀመሪያ ስሰማው አልወደድሁትም፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሳልደርስ አቁሜው ነበረ። የተቈጡት ሰዎች ስሕተት ሌላ ነው። ሥራው የሚጠይቃቸውን ሳይመልሱ የራሳቸውን ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ጥያቄያቸውም «ፊተኛውን ትመስላለህን?» የሚል ነበረ። ለዚህ ጥያቄ ፒንከርተን «አይደለሁም» ብሎ መለሰ፤ እነርሱም መልሱን እንደ ኀጢአት ቈጠሩበት።

የዚህ ፍርድ ዋጋ ምን እንደ ነበረ ቀጥሎ ይታያል። በ1997 በሐምሌ ወር የጓዱን የወዳጆች ማኅበር ያቋቋሙት እኅትማማቾች ከሙዚቃ ትርዒት ሲመለሱ በመኪና አደጋ ሞቱ፤ በዚያ ጊዜ ጓዱን እንደ እነርሱ የሚወድ አልነበረም ይባላል፤ ኀዘኑም በሽንፈቱ ላይ ተጨመረ። በ1998 ባስ ጊታር መቺው ማት ሻርፕ ጓዱን ትቶ ሄደ። ኩዎሞ በሎስ አንጀለስ በአንድ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ፥ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱን ሸፍኖ ብዙ ጊዜ ከሰው ተለይቶ ተቀመጠ። ሲወጣም ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። በ2001 ሦስተኛውን አልበም ሲያደርግ ኦኬሴክን መልሶ ጠራ፤ ሽፋኑም እንደ መጀመሪያው ሆኖ ቀለሙ ብቻ አረንጓዴ ሆነ፤ ዜማውም የጠራና አጭር ነበረ። ከልቡ ግን ምንም እንዳይገኝበት አስቦ ነው የሠራው። በዚያው ዓመት ስለ ፒንከርተን ሲጠየቅ ግብዣ ላይ ሰክሮ ምስጢሩን ሁሉ ዘርግፎ በማግሥቱ እንዳፈረ ሰው ተናገረ። የአድማጮቹን ፍርድ አምኖ ተቀብሎታል ማለት ነው።

የሚያስገርመው ግን እርሱ ፍርዱን በተቀበለበት ሰዓት ፈራጆቹ ፍርዳቸውን ለውጠው መገኘታቸው ነው። እርሱ ተደብቆ በነበረበት ዘመን አልበሙ ከወጣት ወደ ወጣት በእጅ እየተላለፈ ይሰማ ነበረ፤ በ1996 ገና ሕፃናት የነበሩ ልጆች አድገው አገኙት፤ እነዚህ ሰማያዊውን አልበም አስቀድመው አልሰሙምና የሚለኩበት መለኪያ አልነበራቸውም። ኢሞ የተባለውን፥ የልብን ኀዘን ሳይሸፍን የሚጮኸውን የሮክ ዓይነት ይጫወቱ የነበሩ ብዙ ጓዶች አባታችን ይህ ነው አሉ። በ2002 የሮሊንግ ስቶን አንባቢዎች በዘመናት ሁሉ ካሉ አልበሞች 16ኛ አደረጉት፤ በ2004 መጽሔቱ ራሱ አምስት ኮከብ ሰጠው፤ በ2010 እንደገና ሲታተም ፒችፎርክ ከአሥር አሥር ሰጠው። በ2016 በአሜሪካ የተሸጠው ብዛት አንድ ሚሊዮን መሙላቱ ታወቀ፤ ሰማያዊው አልበም በጥቂት ወራት የደረሰበትን ይህኛው በሃያ ዓመት ደረሰበት።

እዚህ ላይ ስለ ኦፔራው አንድ ነገር ላስታውስ። «ማዳማ በተርፍላይ» ራሱ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1904 በሚላኖ ላ ስካላ ቲያትር መጀመሪያ በታየ ጊዜ ሕዝቡ አፏጨበት፥ ጮኸበት፥ አሾፈበት። ፑቺኒ ግን ሥራውን ወሰደና አረመው፤ የረዘመውን ሁለተኛ ክፍል ከፈለው፤ ከሦስት ወር በኋላ በብሬሺያ ከተማ ሲታይ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ስለዚህ በኦፔራው ነገር ሥራው ተለወጠ፤ ሕዝቡም ታረቀ። በአልበሙ ነገር ግን አንዲት ድምፅ እንኳ አልተለወጠችም። የተለወጠው አድማጩ ብቻ ነው። ኩዎሞ አልበሙን ሊያርም አልቻለም፤ በፋንታው ራሱን አረመ፤ ይህም እንደ እኔ አስተያየት የከፋው እርማት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዊዘር ብዙ መልካም ዜማ አወጣ፥ እንደዚህ ያለ ግልጥ ነገር ግን በብዛት አላወጣም።

ይሁንና ሁለተኛውን ፍርድም እንዲሁ ልቀበለው አልችልም። የዛሬዎቹ አመስጋኞች አልበሙን የሚያደንቁት እውነተኛ ነው፥ ምንም አልደበቀም በማለት ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምን እንዳልደበቀ አይጠይቁም። ወደ «አክሮስ ዘ ሲ» እመለሳለሁ ብዬ ነበረ፤ ዜማው በአልበሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተዋበ ነው፤ ነገሩን ስንመረምረው ግን ልጅቱ በአድናቆት ለጻፈችው ደብዳቤ ዘፋኙ የሰጠው መልስ ስለ ራሱ ብቸኝነት ነው። እርስዋ ለእርሱ ሰው አይደለችም፤ መድኃኒቱ ናት፤ ሩቅ ስለ ሆነችም የፈለገውን ሊያደርጋት ይችላል። ይህ ደግሞ ያ ባሕር ኃይል መኰንን በናጋሳኪ ያደረገው ነው። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው ምሬቱ ሰሙ ነው፤ ስሙ ወርቁ ነው። ሰውየው የአልበሙን ስም «በተርፍላይ» አላለውም፤ የተበደለችውን ትቶ በበዳዩ ስም ጠራው። ይህንን ያደረገው ራሱን ሊያመሰግን አይደለም። በ1996 የተቈጡት የሰሙን ሻካራነት ነቀፉ፤ በ2002 ያጨበጨቡትም ሰሙን አመሰገኑ፤ ወርቁን ያወጣው ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ሰው ነው።

እንዲያውም ቀድሞ የተቈጡት ከኋለኞቹ ይልቅ ወደ ነገሩ ቀርበው ነበረ እላለሁ። በዚህ አልበም ውስጥ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል፤ ያልገባቸው እፍረቱ የዘፋኙ የራሱ ሐሳብ መሆኑ ነው። የኋለኞቹ ግን ዘፋኙን ስለወደዱት እፍረቱንም ውበት አደረጉት፤ እርሱ ራሱን የከሰሰበትን ነገር እነርሱ እንደ ጀግንነት ቈጠሩለት። ኩዎሞ ራሱ በ2008 ስለ አልበሙ ሲናገር የቀድሞውን ቃል ትቶ ጥልቅና ደፋር ሥራ ነው ብሎ መስክሯል፤ ይህንንም በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ ሰው ከልቡ የሠራውን ሲክድ ማየት ያሳዝናልና።

ከ2010 ጀምሮ ጓዱ በየከተማው ሁለት ሁለት ሌሊት እየተጫወተ ዞረ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሰማያዊውን አልበም፥ በማግሥቱ ፒንከርተንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወት ነበረ። ሕዝቡም ያሳፈሩትን ቃላት አንድ በአንድ አብሮት ያዜም ነበረ። የመጨረሻው ዘፈን «በተርፍላይ» ይባላል፤ ጩኸቱ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ሰውና አንድ ጊታር ብቻ የሚቀሩበት ነው፤ አንድ ልጅ ቢራቢሮ ይዞ በዕቃ ውስጥ ይከድናል፤ ሲነጋ ሞታ ያገኛታል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። አልበሙን ገና ያልሰማ አንባቢ ቢኖር በዚህ ዘፈን ይጀምር፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ሁሉን በተራ ይስማ፤ ሰማያዊውንም ለሌላ ቀን ያቈየው።