«ልጅህን ለልጄ»፦ እንስታዊነት ከጉባ ሲታይ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሂስ «ፌሚኒዝም» የተሰኘውን ቃል አንዳንዶቻችን «እንስታዊነት»፣ ሌሎቻችን «የሴቶች እኩልነት ንቅናቄ» እያልን ስንጠራው ቆይተናል። የስሙ አለመጽናት ብቻውን ባላሳሰበ ነበር። የሚያሳስበው፣ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ለድርሰቶቻችን ምን እንደሚፈይድ ሳንመረምር ሴት ገጸ ባሕርያትን «ጠንካራ» እና «ደካማ» ብሎ ከመደልደል አለማለፋችን ነው። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡን ከፓሪስ ወይም ከኒውዮርክ ሳይሆን ከጉባ ተነሥቶ ለመፈተሽ ይሞክራል።

ጉባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በሱዳን ጠረፍ የምትገኝ ወረዳ ናት፤ ከተማዋ ማንኩሽ ትባላለች። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለባት ወዲህ ስሟን ያልሰማ የለም ማለት ይቻላል። የጉሙዝ ሕዝብ ግን ከግድቡ አስቀድሞ በሥነ ሰብእ ምሁራን ዘንድ የታወቀ ነበር። ያሳወቀውም የእኅት ልውውጥ ጋብቻው ነው። በዚህ ልማድ ሚስት የሚሻ ወንድ ጥሎሽ ወይም ከብት አያቀርብም፤ እኅቱን ወይም ከዘመዶቹ አንዷን ልጃገረድ ለሚስቱ ወንድም ወይም ዘመድ ይሰጣል። የምትሰጥ እኅት የሌለችው ከጎሣው ይለምናል፤ ካላገኘም ይቸገራል። እንግሊዛዊቷ ዌንዲ ጄምስ ስለዚሁ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል።

በዚያው ዓመት ደግሞ አሜሪካዊቷ ጌይል ሩቢን በሴቶች መለዋወጥ ላይ የጻፈችው ድርሰት ወጣ። ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የዝምድና ጥናት፣ ወንዶች ሴቶችን እርስ በርስ በመለዋወጥ ኅብረተሰብን ያቆማሉ ሲል ጽፏል። በዚያው ዓመት «ሁለተኛው ጾታ» የተሰኘ መጽሐፏን ያወጣችው ሲሞን ደ ቦቩዋር ይህን ሥራ አንብባ በአድናቆት ገምግማዋለች። ሩቢን ያደረገችው ጥያቄውን መገልበጥ ነው፦ ሴቶች ስጦታ ከሆኑ፣ በስጦታው የሚወዳጁት ሰጪና ተቀባይ ወንዶች እንጂ ስጦታዋ አይደለችም። በእርሷ አመለካከት የሴት መበደል ምንጩ ተፈጥሮ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ጾታን የሚያደራጅበት ሥርዓት ነው። እግረ መንገዴን ልጠቁም፤ «ሥርዓተ ጾታ» የሚለው የአማርኛ ስያሜያችን «ሥርዓት» የሚለውን ቃል በመያዙ ከባዕዱ ቃል ይልቅ ለሩቢን ሐሳብ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ስያሜ እያለን መደልደል ላይ መቆማችን ያስቆጫል።

ወደ ጉባ ስንመለከት የደጋው አንባቢ ቶሎ የሚመጣለት «ጎጂ ልማድ» የሚለው ቃል ነው። ልማዱ አይጎዳም ለማለት አልደፍርም፤ ልጃገረዲቱ ሳትጠየቅ ለወንድሟ ጋብቻ ዋጋ ትሆናለችና። ነገር ግን ሽማግሌ ተልኮ «ልጅህን ለልጄ» ሲባል በኖረበት አገር፣ ጉባን እንደ ሩቅ ጉድ ማየት አይገባም። አነጋገራችን ራሱ ይመሰክራል፤ አባት «ይድራል»፣ ልጂቱ «ትዳራለች»። በ1882 (እ.ኤ.አ.) የስድስት ዓመቷ ዘውዲቱ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ስትዳር፣ በአባቷ በምኒልክና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል ለተደረሰው ስምምነት ማኅተም ነበረች። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊቷ ኡበርቲን ኦክሌር «ፌሚኒስት» የሚለውን ቃል የትግሏ መጠሪያ አድርጋ መጠቀሟን ስናስብ፣ የሁለቱ ዓለማት ርቀት ጎልቶ ይታየናል። ዳሩ ግን የአውሮፓ ነገሥታትም ልጆቻቸውን ለውል ማጽኛ ሲድሩ የኖሩ ናቸው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የልብ ወለድ ታሪካችን መልክ ይለወጣል። በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ባለታሪክዋን የወንድ ልብስ አልብሶ፣ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ አገር ለአገር ያዞራታል። ብዙ ሐያስያን ከዚህ ላይ ቆመው ደፋር ሴት ይላሉ። ድፍረቷ ግን ልብሱ እስካለ ድረስ ነው። ሴትነቷ ሲገለጥ የምትገባበት ስፍራ ጋብቻ ነው፤ ያልተጠመቀው ንጉሥ ክርስትናን ይቀበላል፣ እርሷም ሚስቱ ትሆናለች። ሁለት ሃይማኖቶች የታረቁት በእርሷ ነው። ጦቢያ ከጉባዋ ልጃገረድ የምትለየው በማዕረጓ እንጂ በተሰጣት ተግባር አይመስለኝም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እያናናቁ ይመልሳሉ። ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ትዕቢት ብቻ እናነበዋለን። እኔ ግን ልጅን ከልውውጡ ማገድ አድርጌ አየዋለሁ፤ እኩያ የለኝም የሚል ባላባት ሊለዋወጠው የሚችል ሰው የለውም። ሰብለ እንግዲህ የማትሰጥ ስጦታ ሆና ትቀመጣለች። ከአባቷ ቤት ወጥታ የመረጠችውን ስትከተል ነው ከሰጪም ከተቀባይም እጅ የምታመልጠው። ደራሲው ከዚያ ወዲያ የሰጣት መኖሪያ ምንኩስና ብቻ ነው። በ1958 ዓ.ም. የነበረ አንባቢ ሌላ መውጫ በምናቡ ለማየት ይችል ነበር? ሰንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳትመው፣ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለፓርላማ ተመርጠው እንደ ነበር ሲታወስ፣ ይችል ነበር እላለሁ።

ጉባ ደግሞ በተራዋ ሩቢንን ታርማለች። የጉሙዝ ልውውጥ ሁለት ሴቶችን እርስ በርስ ያስተሳስራል። አንዲቱ ተበድላ ወደ ወገኖቿ ብትመለስ የሌላይቱም ጋብቻ ይናጋል። ስለዚህ ኩርፊያዋ የራሷ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሁለት ቤት ያስጨንቃል። ይህ ኃይል ነው። በዚያው ልክ ወጥመድም ነው፤ የከፋባት ሴት የማታውቃትን ሴት ትዳር ላለማፍረስ ስትል ልትታገሥ ትችላለችና። ስጦታ ብቻ አድርጎ የሚያያት ንድፈ ሐሳብ ይህን ስሌቷን አያይም። ሌላም አለ። መተከል ለብዙ ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ሲታመስ የኖረ ምድር ነው። ሴቶቹ በገንዘብ የተሸጡበት ሕዝብ «ሴት በሴት እንጂ በዋጋ አትሄድም» የሚል ሥርዓት ቢያጸና፣ በዚህ ውስጥ ክብርን የመጠበቅ ጥረት ሊኖር እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በሕግ በኩል የመጣውን ለውጥ ባጭሩ ላንሣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃ ፈቃድ ላይ ያቆማል፣ በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከሚጎዱ ልማዶች ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ ብሔረሰቦች ባህላቸውን የማዳበር መብት አላቸው ይላል። በአንቀጽ 35 እና በአንቀጽ 39 መካከል የምትቆመው የጉባ ልጃገረድ ናት። ሕግ ይህን ይፈታዋል፤ ምን እንደሚሰማት ግን የሚያሳየን ድርሰት ነው።

ድርሰት ግን አላያትም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በግድቡ ላይ በአማርኛ ከተጻፉት ያነበብኳቸው ግጥሞች ጉባን በስሟ ይጠራሉ፣ ዓባይንም ቤቱን ጥሎ ሲንከራተት ኖሮ እንደ ተመለሰ አባወራ ይቀበሉታል። ተመልሶ የገባው ግን የማን ቤት ነው? በትከሻዋ አግዳሚ እንጨት ይዛ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሸክም አንጠልጥላ ወደ ማንኩሽ ገበያ የምትሄደውን ሴት በአንዱም ስንኝ አላገኘኋትም። በልውውጥ የሄደች ሴት ስለ ሄደችበት ቀን በጉሙዝኛ የምታንጎራጉረውን ዜማ ቀድቶ፣ ተርጉሞ፣ ከሰብለ ወንጌል ጎን አስቀምጦ ማንበብ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ክፍት ሥራ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች ደግሞ ዛሬ በክፍሎቻችን ተቀምጠዋል።